ያረጀ ብረት፣ ያላረጀ እጅ

በክረምት ወራት ከባድ የጭነት መኪና በዋልካ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ያየ ወታደር ሁሉ አንድ ሐቅ በዓይኑ አረጋግጧል። ሞተሩ ያጓራል፤ ጎማው ይሽከረከራል፤ መኪናው ግን ከቦታው ፈቀቅ አይልም። ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠው ቁጥር ጎማው ጉድጓዱን ያጠልቀዋል እንጂ መኪናውን አያወጣውም። በዚህ ጊዜ ልምድ ያለው የሃምሳ አለቃ «ነዳጅ ቀንስ!» ብሎ ሾፌሩን ያረጋጋና ከጎማው ሥር ድንጋይና ቅጠል ያስነጥፋል፤ ጭነቱም በሚነዱት ጎማዎች ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል። ጥቂት ቆይቶ ያ እልኸኛ መኪና እያቃሰተ ይወጣል። ሞተሩ ቀድሞም ጉልበት አላነሰውም፤ ያጣው ጎማው መሬት የሚይዝበትን ነበር።

ይህን ሐቅ የሚያውቀው የሠራዊቱ ሾፌር ብቻ አይደለም። በዓለም ዙሪያ አሮጌ ተሽከርካሪዎችን እያደሱና እያሻሻሉ ለውድድር የሚያቀርቡ ሰዎች ሁሉ ቀንና ሌሊት የሚጨነቁበት ጉዳይ ነው። ከእነዚህም መካከል ጎረቤቶቻችን የኬንያ ሰዎች፣ በተለይም የናይሮቢ ከተማ ነዋሪዎች፣ የታወቀ ስፍራ አላቸው። በዛሬው ጽሑፋችን የእነርሱን ሥራና ታሪክ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲያስተውሉልን እንጠይቃለን።

«የባዕድ አገር የመኪና ጨዋታ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ይህ ነው፦ መንግሥታችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ኬንያም ብትሆን ከተሠሩ ከስምንት ዓመት በላይ የሆናቸው መኪናዎች እንዳይገቡ በደንብ ከልክላለች። እንግዲህ በሁለቱም አገሮች በየጋራዡና በየደጁ የቆመው አሮጌ የቤንዚን መኪና ተተኪው እንደ ድሮው በቀላሉ አይገኝም። ዕድሜው የሚረዝመው በሚጠግነው እጅ ልክ ብቻ ነው። ይህ እጅ እንዴት ያለ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያውቅና ከማን እንደሚማር መመርመር የጨዋታ ጉዳይ ሆኖ አይቀርም።

ትራክተር ሲጎትት

አሮጌ ሞተርን አሻሽሎ ለጉልበት ውድድር ማቅረብ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው በአሜሪካ ገበሬዎች ዘንድ ነው። ቀደም ባለው ዘመን ገበሬዎቹ የማን ፈረስ የበለጠ ሸክም እንደሚጎትት ይወዳደሩ ነበር። ትራክተር የፈረስን ቦታ ሲወስድ ውድድሩም ተከትሎት ሄደ። በ1929 በሚዙሪና በኦሃዮ ግዛቶች የትራክተር መጎተት ውድድሮች ተካሄዱ፤ በ1969 ደግሞ ደንቡን አንድ ወጥ የሚያደርግ ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ።

የውድድሩ አሠራር ለማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ትራክተሩ በምድር ላይ የሚንሸራተት የብረት መድረክ ይጎትታል። በቀድሞው ጊዜ ሰዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተራርቀው ይቆሙና መድረኩ በአጠገባቸው ሲያልፍ አንድ በአንድ ይወጡበት ነበር፤ ሸክሙም እርምጃ በእርምጃ እየከበደ ይሄዳል። ኋላ ይህን ሥራ መሣሪያ ተረከበው። ከባዱ ክብደት መጀመሪያ በመድረኩ የኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ ትራክተሩ ወደፊት በገፋ ቁጥር ክብደቱ በሰንሰለት እየተሳበ ወደ መድረኩ ፊት ይመጣና መድረኩን ከመሬት ጋር ያጣብቀዋል። መጨረሻው መስመር 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል፣ ላይ ነው። እዚያ የደረሰ ሙሉ ጎተተ ይባላል።

በዚህ ውድድር ጀማሪው የሚያስበው ስለ ሞተር ብቻ ነው፤ ሲሊንደሩን ያሰፋል፣ ነዳጁን ያበዛል። የበሰለው ተወዳዳሪ ግን ከመሬት ይጀምራል። ሸክሙ የሚታሰርበትን ማያያዣ ከፍታ በደንቡ ልክ ያስተካክላል፤ የጎማውን ነፋስ ይቀንሳል፤ አፍንጫው ወደ ሰማይ እንዳይነሣ በፊት ለፊቱ የብረት ክብደት ይሰቅልለታል። ክብደቱን ሲደለድል ታዲያ በጥንቃቄ ነው፤ ፊቱ ከበዛ የኋላው ጎማ መሬት ይለቃል፣ ኋላው ከበዛ ደግሞ ትራክተሩ ይነሣና መሪው ከጥቅም ውጭ ይሆናል። በዚህ ዓይነት በሃምሳና በስልሳ ዓመት ዕድሜው የእርሻ ሥራ ያቆመ ትራክተር እንደገና በሕዝብ ፊት ክብሩን ያስመሰክራል።

አደጋውንም መሸሸግ አይገባም። ያረጀ የብረት ቅልጥ ክፍል ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ሲሽከረከር እንደ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላል። ስለሆነም ኃይላቸው በእጅጉ የተጨመረ ትራክተሮች በሚወዳደሩበት ደረጃ የፍሪሲዮኑ ክፍል በጠንካራ መከለያ እንዲሸፈን ይገደዳል። እንዲሁም ትራክተሩ ከሸክሙ ከተላቀቀ ሞተሩን ወዲያው የሚያጠፋ ገመድ ከመድረኩ ጋር ይያያዛል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን የሚደረገው ከመቶ ሜትር ላነሰ ጉዞ ነው። ፈተናው መቶ ሜትር መሆኑ ቀርቶ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ቢሆንስ? የዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ናይሮቢ ላይ ነው።

የሳፋሪ መንገድ

በ1953 የእንግሊዟ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ዘውድ ሲደፉ በምሥራቅ አፍሪካ የሚኖሩ የመኪና ወዳጆች በዓሉን በረጅም የመኪና ውድድር ለማክበር ተነሡ። ውድድሩ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና የዛሬዋን የታንዛኒያን ምድር የሚያዳርስ ነበር። በ1960 «የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ» ተባለ፤ በ1974 ደግሞ «ሳፋሪ ራሊ» የሚለውን ስም ያዘ። ናይሮቢም የውድድሩ ልብ ሆነች።

ውድድሩ በአብዛኛው ይካሄድ የነበረው በፋሲካ ሰሞን ሲሆን ይህም በአገሩ የከባድ ዝናም ወቅት መግቢያ ነው። ጧት በቀይ አቧራ የታፈነው ተወዳዳሪ ከሰዓት በኋላ በጥቁር ጭቃ ይዋጣል። ከባሕር ወለል አጠገብ ካለው ወበቅ ተነሥቶ በሰዓታት ውስጥ ወደ ደጋው ብርድ ይወጣል። በ1963 ከተነሡት 84 መኪናዎች መጨረሻ የደረሱት ሰባት ብቻ ነበሩ። በ1968ም ከ93 መኪናዎች እንደገና ሰባት ብቻ ደረሱ። የሚያስደንቀው በሁለቱም ዓመታት አንደኛ የወጡት ኒክ ኖዊኪ የተባሉት የኬንያ ሾፌር መሆናቸው ነው፤ በሁለቱም ጊዜ የነዱትም ፔጆ 404 ነበር።

ፔጆ 404! ይህን ስም ሲያነቡ ፈገግ የሚሉ አንባቢያን እንደሚኖሩ እናምናለን። በአገራችን ከከተማ ወደ ከተማ ስንቱን መንገደኛ ያመላለሰው ያው ፔጆ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 የሳፋሪን ዋንጫ ወስዷል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ እስከ ዛሬ የሚታየው ቮልስዋገንም ቢሆን በ1954፣ በ1957 እና በ1962 አሸናፊ ሆኗል። ከእነዚህ ይልቅ ፈጣን የሆኑ ስንትና ስንት መኪናዎች በመንገድ ላይ ወድቀው ሲቀሩ እነዚህ ትሑታን እንዴት ደረሱ?

ምክንያቱ ቀደም ብለን በትራክተሩ ላይ ያየነው ነው። የቮልስዋገን ሞተር የተቀመጠው ከኋላ፣ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ነው። በመሆኑም ጭቃ ላይ ሲወጣ ክብደቱ ሁሉ ጎማውን ከመሬት ጋር ያጣብቀዋል። ሆዱም ዝርግ ስለሆነ በጭቃው ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይሰነቀርም። የሚቀዘቅዘው በነፋስ በመሆኑ የሚፈላ ውሃም፣ የሚቀደድ ራዲያተርም የለውም። የፔጆ ጥንካሬ ደግሞ በሞላዎቹና በአካሉ ላይ ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ረዘም ያለ መንገድ ወርዶ ይመለሳል፤ ጉዳቱን ለመኪናው አካል አያስተላልፍም።

ጉልበታም ሞተር ከፊት የነበራቸው መኪናዎች ይህን ጉድለት የሞሉት በሰው ነው። በብዙ የሳፋሪ መኪናዎች የኋላ ፓራውልት ላይ መቆሚያ ደረጃ፣ ከበላዩም መጨበጫ ይበየድ ነበር። መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲገባ ረዳቱ ሾፌር ዘሎ ወርዶ በዚያ ደረጃ ላይ ይቆማል፤ እየዘለለም የሚነዳውን ጎማ ወደ መሬት ይጫናል። በአሜሪካ ሜዳ ሰዎች መድረኩ ላይ የሚወጡት ትራክተሩን ለማቆም ነበር፤ በኬንያ ጭቃ ረዳቱ የሚወጣው መኪናው እንዳይቆም ነው። ሥራው ተቃራኒ ይሁን እንጂ ሕጉ አንድ ነው።

ያገለገለ መኪና፣ የታወቀ መኪና

ከሳፋሪ ጀግኖች መካከል በኬንያ ሕዝብ ዘንድ ከሁሉ አብልጦ የሚነሣው ስም የጆጊንደር ሲንግ ነው። በ1932 በኬሪቾ የተወለዱት ጆጊንደር ያደጉት በአባታቸው ጋራዥ፣ መፍቻና ዘይት እየነኩ ነው። ሾፌር ከመሆናቸው በፊት ሜካኒክ ነበሩ። በ1965 ከወንድማቸው ከጃስዋንት ጋር ሆነው ሳፋሪን ሲያሸንፉ የነዱት ቮልቮ አዲስ አልነበረም፤ ቀደም ብሎ በውድድር ያገለገለ መኪና ነበር። ባለሙያው ግን ያገለገለ መኪና አንድ ታላቅ ጥቅም እንዳለው ያውቃል፤ የቱ ላይ እንደሚሰበር አስቀድሞ ተናግሯልና። አዲስ መኪና ምስጢሩን የሚያወጣው መንገድ ላይ ነው።

ጆጊንደር በ1974 እና በ1976 እንደገና አሸንፈዋል። ከ1959 እስከ 1980 ባለው ጊዜ 22 ጊዜ ተሰልፈው ያልጨረሱት ሦስቱን ብቻ ነው። በ2013 ከዚህ ዓለም ሲለዩም በኬንያ የሚታወሱት ይበልጡን በዚህ ጽናታቸው ነው።

ከ37 ዓመት በኋላ

በ1974 ጆጊንደር ሲያሸንፉ ሁለተኛ የወጡት ስዊድናዊው ቢዮርን ቫልደጎርድ ነበሩ። የነዱትም ፖርሽ 911 ሲሆን ይህ መኪና እንደ ቮልስዋገን ሞተሩ ከኋላ ነው። የፖርሽ ኩባንያ ይህን ውድድር ለማሸነፍ ደጋግሞ ቢሞክርም በዋናው ሳፋሪ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳካለትም። ቫልደጎርድ ግን በሌሎች መኪናዎች በ1977፣ በ1984፣ በ1986 እና በ1990 አሸንፈዋል፤ በ1979ም የመጀመሪያው የዓለም የራሊ ሾፌሮች ሻምፒዮን ሆነዋል። ከዚህ ሁሉ ክብር በኋላ የቀረ ዕዳ ያለባቸው ይመስል ወደ ኬንያ መመለሳቸውን አላቆሙም።

ዕድሉ የተገኘው በአሮጌ መኪናዎች ውድድር ነው። በ2003 የመጀመሪያው ሳፋሪ ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር «የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ክላሲክ» የተባለ ውድድር ተጀመረ። በዚህ ውድድር የሚሰለፉት የጥንት መኪናዎች ብቻ ናቸው፤ ሞተራቸውም የሚያሽከረክረው ሁለት ጎማዎችን እንጂ አራቱንም አይደለም። በ2011 ቢዮርን ቫልደጎርድ በ68 ዓመት ዕድሜያቸው በዚህ ውድድር ተሰለፉ። ከጎናቸው ተቀምጦ መንገዱን ያነበበላቸው ልጃቸው ማቲያስ ነበር። መኪናው ደግሞ ፖርሽ 911። አሸነፉም። በ1974 በአንድ ደረጃ ያመለጣቸውን ድል አባትና ልጅ ሆነው በ37 ዓመቱ አገኙት። ቢዮርን በ2014 አረፉ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2015፣ ሌላው የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ስቲግ ብሎምክቪስት በ69 ዓመታቸው በዚያው ዓይነት መኪና አሸናፊ ሆኑ።

ለመሆኑ በዋናው ሳፋሪ ያልተሳካለት መኪና ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ይበልጥ ጠንክሮ የተገኘው በምን ምክንያት ነው? ብረቱ እንደሆነ አርጅቷል። የጨመረው ዕውቀት ነው። በእንግሊዝ አገር እንደሚገኘው እንደ ተትሂል ያሉ ጋራዦች ያንን መኪና ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው እያንዳንዱን ደካማ ቦታውን ለይተውታል።

ማሻሻል ሲባል ምን ማለት ነው?

ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ የሚዘጋጅ አሮጌ መኪና መጀመሪያ እስከ አጥንቱ ይገፈፋል። ወንበሩ፣ ምንጣፉ፣ ቀለሙ ሳይቀር ይወርዳል። ከዚያም ላሜራዎቹ የተገናኙባቸው መስመሮች በሙሉ እንደገና ይበየዳሉ። ፋብሪካው በየተወሰነ ርቀት ነጥብ ነጥብ እያደረገ የበየደውን አዳሹ ሜካኒክ ዳር እስከ ዳር ያያይዘዋል፤ አካሉ በመንቀጥቀጥ ብዛት እንዳይላቀቅ ነው። ከውስጥ መኪናው ቢገለበጥ ሰዎቹን የሚያድን የብረት ዘንግ ጎጆ ይገጠማል። ከሥር ሞተሩንና ካምቢዮውን ከድንጋይ የሚከላከል ወፍራም ሰሌዳ ይዘረጋል።

ቀጥሎ የአሞርዛተር ጉዳይ ይመጣል። በተሸነሸነ የጠጠር መንገድ ላይ ለሰዓታት የሚሠራ አሞርዛተር ይግላል፤ ዘይቱ ይቀጥናል፣ አረፋም ይሆናል፤ መኪናውም እንደ ኳስ መንጠር ይጀምራል። ስለዚህ ለአንድ ጎማ ሁለት አሞርዛተር የሚገጥሙ አሉ፤ አንዱ የሌላውን ድካም ይጋራል። የአየር ፊልትሮው ከአቧራ ርቆ ይሰቀላል፤ አቧራ የገባበት ሲሊንደር እንደ ሞረድ ይፈገፈጋልና። የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች ድንጋይ ከሚመታቸው ቦታ ተነሥተው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ አካፋና ገመድ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይታሰራሉ።

አንባቢ ልብ ይበል! እስካሁን ከዘረዘርነው ሁሉ የሞተሩን ፍጥነት የሚጨምር አንድም የለም። ሞተሩ የሚነካው በመጨረሻ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ኃይሉ በመጠኑ ተይዞ ዕድሜው እንዲረዝም ነው።

ፉንዲ

ናይሮቢ ውስጥ ኪሪንያጋ በተባለው መንገድ፣ ሰዎች እስከ ዛሬ በቀድሞ ስሙ «ግሮገን» በሚሉት ሠፈር፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቆችና ጋራዦች ተደርድረው ይገኛሉ። በስዋሂሊ ቋንቋ ባለሙያ ሠራተኛ «ፉንዲ» ይባላል። ጣራ በሌለው ቦታ የሚሠሩት ብረት ቀጥቃጮችና ሜካኒኮች ደግሞ «ጁዋ ካሊ» ይባላሉ፤ ትርጉሙ «ብርቱ ፀሐይ» ማለት ነው፤ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ላይ የሚውሉ በመሆናቸው።

የአሮጌ መኪና ባለቤት ፋብሪካው መሥራት ያቆመውን ዕቃ ሲፈልግ የሚሄደው ወደ እነዚህ ሰዎች ነው። የተበላው ዘንግ በቶርኖ ይላጫል፤ የተሰነጠቀው ይበየዳል፤ ከሌላ መኪና የተወሰደው ዕቃ ተሞርዶ እንዲገጥም ይደረጋል። የእኛን የመርካቶ ሠራተኞች ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በሠራዊታችን ውስጥም ኦራልን ከኦራል እየገጠሙ ከሦስት የቆሙ መኪናዎች አንድ የሚሄድ ያወጡ የጥገና ሠራተኞች ሞያ ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

ሆኖም በናይሮቢ አሮጌ መኪናን የማክበሪያው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። በ1970 የተጀመረው፣ በንጎንግ የፈረስ መሮጫ ሜዳ የሚካሄደው የመኪናዎች የውበት ውድድር ሌላ ዳኝነት አለው። እዚያ መኪናው አይሮጥም፤ ቆሞ ይመረመራል። ዳኞች ኮፈኑን ያስከፍታሉ፣ ከሥሩ ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ ውስጡንና ቀለሙን ይመለከታሉ። የሚመሰገነው ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ የተጠበቀው ነው። በሳፋሪ መንገድ ግን መደረግ ያለበትን ለውጥ ያላደረገ በሁለተኛው ቀን ገደል ውስጥ ይገኛል።

የትኛው ይበልጣል? በእኛ አስተያየት የሁለቱ ባለሙያዎች ዓይን አንድ ነው፤ ሁለቱም ዕቃው መጀመሪያ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ የሚያውቁ ናቸው። ይህን ያላወቀ ሰው ሲጠብቅም ያበላሻል፣ ሲለውጥም ይገድላል። ስለሆነም ለሠራዊቱ ሾፌሮቻችን አንድ ማሳሰቢያ ብናቀርብ ድፍረት አይሆንብንም። የውድድር መኪና የባለቤቱ ነው፤ የሚያሻሽለውም በኃላፊነቱ ነው። የክፍሉ መኪና ግን የጓዶች ሕይወት የሚጫንበት ስለሆነ ከጥገና ክፍሉ ባለሙያዎች ፈቃድ ውጭ ባሌስትራ መጨመርም ሆነ ፍሬን መነካካት ጉብዝና ተብሎ አይቆጠርም።

ለቤተሰብ

ይህ ሁሉ የወንዶች ጨዋታ የሚመስላቸው እመቤቶች ካሉ የሳፋሪ ታሪክ ሌላ ይነግራቸዋል። በ1962 እንግሊዛዊቷ ፓት ሞስ ትንሿን ሳብ መኪና ይዘው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ተርታ ገብተዋል። በ1974 ኬንያዊቷ ወይዘሮ ኦሪ ሮጎ ማንዱሊ ከሴት ረዳታቸው ጋር ተሰልፈው በዚህ ውድድር ከተሳተፉት የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያት እመቤቶች አንዷ ሆነዋል። ሳፋሪን አምስት ጊዜ ያሸነፉት የሼካር መህታ ባለቤት ኢቮንም በሌሎች አገሮች በተደረጉ ውድድሮች ከባላቸው ጎን ተቀምጠው ካርታውንና ሰዓቱን ይዘው ተጉዘዋል። ሾፌሩ የሚያየው የፊቱን መቶ ሜትር ነው፤ ቀጣዩን መታጠፊያ የሚያውቀው ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ነው። ባሏ ግዳጅ ላይ ሳለ ቤቱን የምትመራ የወታደር ሚስት ይህን አባባል ማንም እንዲተረጉምላት አትሻም።

በብዙ ቤቶቻችን ውስጥም አንድ አሮጌ መኪና አለ፤ የልብስ ስፌት መኪና። እርሱም የሚጠበቀው በዚያው ሕግ ነው፤ የሚሰበርበትን ቦታ ቀድሞ ማወቅ። ከመርፌው ሥር ያለውን ሰሌዳ ፈትቶ የተጠራቀመውን የክር ብናኝ መጥረግ፤ የደነዘ መርፌ ጨርቅ ሳይቀድ መለወጥ፤ የላላ ቺንጋ ማጥበቅ። ዘይቱ የስፌት መኪና ዘይት ይሁን፤ የወጥ ዘይት ሲደርቅ እንደ ሙጫ ስለሚይዝ መኪናውን ያንቀዋል።

ለልጆች ደግሞ የትራክተሩን ሕግ በቤት ውስጥ የሚያሳይ አንድ ጨዋታ እነሆ። ሁለት ልጆች ካልሲ አድርገው በለሰለሰ የሲሚንቶ ወለል ላይ ይቁሙና ገመድ ይጓተቱ፤ በዙሪያቸው ጠርዝ ያለው ዕቃ አይኑር። ከባዱ ልጅ ቀላሉን ጎትቶ ይወስደዋል። አሁን ቀላሉ ልጅ ታናሽ ወንድሙን በጀርባው ይዘል። የክንዱ ጉልበት አልጨመረም፤ ነገር ግን እንደ በፊቱ አይንሸራተትም። ቀጥሎ ሁለቱም ካልሲያቸውን ያውልቁና በባዶ እግራቸው ይሞክሩት። ልጆቹ ከሣቁ በኋላ «ለምን?» ብለው ቢጠይቁ አባትየው ስለ ጎማና ስለ መሬት ሊነግራቸው ጥሩ አጋጣሚ ያገኛል።

ጆጊንደር ሲንግ ሞያውን የጀመሩት በአባታቸው ጋራዥ መሆኑን፣ ቢዮርን ቫልደጎርድም የመጨረሻ ታላቅ ድላቸውን ያገኙት ልጃቸውን ከጎን አስቀምጠው መሆኑን ከዚህ ላይ ማስታወስ ይበቃል። ብስክሌት ሲጠገን፣ ፋኖስ ሲጸዳ፣ የስፌት መኪና ዘይት ሲጠጣ ልጅን «ሂድ ውጭ ተጫወት» ከማለት ይልቅ መፍቻውን ማስያዝ ይሻላል። መጀመሪያ ቀን ዳዶ ይጥላል፤ ሥራውም በእርሱ ምክንያት ይዘገያል። ከዓመታት በኋላ ግን ቤቱ አንድ ፉንዲ ያገኛል።

በጦር ሰፈራችን ውስጥ ብዙ ዓመት ያገለገለና በባለቤቱ እጅ እየታደሰ እስካሁን የሚሠራ ዕቃ ያላችሁ አንባቢያን፣ ሬዲዮም ይሁን ብስክሌት፣ ቮልስዋገንም ይሁን የስፌት መኪና፣ ታሪኩን ጽፋችሁ ብትልኩልን በዚሁ ዓምድ ላይ በደስታ እናወጣዋለን። ስትጽፉ ግን የዕቃውን ዕድሜ ብቻ አትንገሩን፤ የቱ ላይ ተሰብሮ በምን ዘዴ እንደዳነ፣ ጥገናውን ማን እንዳስተማራችሁና አሁን ለማን እያስተማራችሁ እንደሆነም ጨምሩበት።